ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት፦ ያረጀ የቤት ኮምፒውተርን ከቫይረስና ከስለላ ፕሮግራም ማጽዳት

በድሬዳዋ ብዙ ቤቶች ውስጥ፣ ሳሎን ጥግ ወይም ልጆች በሚያጠኑበት ክፍል፣ ለዓመታት ያገለገለ ኮምፒውተር ተቀምጦ ይገኛል። እንዲህ ያለው ኮምፒውተር መንቀራፈፍ ሲጀምር ከጎረቤትም ከዘመድም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት ይደረግ»። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጊዜው ይሰጣል። በችኮላ በተደረገ ፎርማት የሰርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍና የሱቅ ሒሳብ አብረው ይጠፋሉ፤ ቫይረሱ ግን መሳቢያ ውስጥ በተቀመጠው ፍላሽ ላይ ስለቀረ ፍላሹ በተሰካ ቀን ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ኮምፒውተሩንና ከእርሱ ጋር የሚገናኙትን ፍላሾች፣ የስልክ ሜሞሪ ካርዶችንም ጨምሮ፣ በአንድነትና በቅደም ተከተል ማጽዳት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩ በእርግጥ ቫይረስ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፈው የከተማችን የቀን ሙቀትና ከመንገድ የሚገባው አቧራ ላረጀ ኮምፒውተር ከባድ ናቸው። ማራገቢያው በአቧራ ሲታፈን ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ሲብስም ኮምፒውተሩ ድንገት ይጠፋል። ማለዳ በደንብ የሚሠራው ኮምፒውተር እኩለ ቀን ላይ የሚፈዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንቲቫይረስ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ክዳኑን መክፈትና አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ነው። በአንጻሩ ያልጫኑት ፕሮግራም ብቅ ካለ፣ የብራውዘሩ መነሻ ገጽ ሳይነኩት ከተለወጠ፣ አንቲቫይረሱ አልከፈትም ካለ፣ ማንም ሳይጠቀም የኢንተርኔት ጥቅሉ ቶሎ ካለቀ ወይም ፍላሽ ላይ ያሉት ፎልደሮች በሙሉ ወደ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ከተቀየሩ፣ ጥርጣሬው ወደ ቫይረስ ወይም ወደ ስፓይዌር፣ ማለትም ወደ ስለላ ፕሮግራም፣ ያደላል።

ጥርጣሬው ከተጠናከረ ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ ከኢንተርኔት ያለያዩት፤ ዋይፋዩን ያጥፉ፣ ገመድ ካለውም ይንቀሉ። ስፓይዌር የሚተይቡትን የይለፍ ቃል ወደ ላኪው የሚያደርሰው በዚሁ መስመር ነው። ጽዳቱ እስኪያልቅም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል፣ ቴሌግራም ወይም የባንክ ሒሳብ አይክፈቱ።

ቀጥሎ የሚመጣው ማንኛውም የማጽጃ ፕሮግራም ከመነካቱ በፊት መከናወን ያለበት የፋይል ማዳን ሥራ ነው። ፎቶዎችን፣ ቪዲዮዎችንና የጽሑፍ ሰነዶችን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ባዶ ወደሆነ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ፕሮግራሞችን ግን አይገልብጡ፣ በተለይም የፋይል ስማቸው መጨረሻ «ኢኤክስኢ»፣ «ቪቢኤስ» ወይም «ኤልኤንኬ» የሆኑትን ይተዉ። የገለበጡበት ዕቃ ራሱ ተበክሏል ተብሎ ስለሚቆጠር ጽዳቱ ተጠናቆ እስኪፈተሽ ድረስ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። ፎቶዎችዎ አልከፈት ብለው በስማቸው መጨረሻ የማያውቁት ቅጥያ ከተጨመረና ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ከተገኘ የገባው ራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ ነው። ገንዘብ አይክፈሉ፤ የተቆለፉትንም ፋይሎች አይሰርዙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ድርጅት በዩሮፖል፣ በኔዘርላንድስ ፖሊስና በሁለት የደህንነት ኩባንያዎች የተጀመረው «ኖ ሞር ራንሰም» የተባለው ፕሮጀክት ለበርካታ ዓይነቶች በነጻ መክፈቻ ያቀርባል፤ ዛሬ መፍትሔ ያልተገኘለት ዓይነትም ከጊዜ በኋላ ሊገኝለት ይችላል።

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። ሙሉ ፍተሻ ዲስኩንና ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራ በድሬዳዋ ቀትር ላይ አይጀመርም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም ጎህ ሲቀድ መጀመር ይሻላል። የሌሊቱን ሰዓት መምረጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ገዝቶ የማጽጃ ፕሮግራሞቹን ንጹሕ በሆነ ሌላ ኮምፒውተር ማውረድ ይቻላል። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው «ሴፍቲ ስካነር» ከወረደ ከ10 ቀን በኋላ ስለማይሠራ ዓምና የወረደውን ከጓደኛ መዋስ አይጠቅምም። ከእርሱ በተጨማሪ ማልዌርባይትስ የተባለውን ሌላ የማጽጃ ፕሮግራም ነጻ ቅጂ መያዝ በቂ ነው። ሁለት አንቲቫይረሶችን በቋሚነት ጎን ለጎን መጫን ግን ያረጀውን ኮምፒውተር ከማፈን በቀር የሚጨምረው ጥበቃ የለም።

ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ ያስነሡት። በዊንዶውስ 7 አርማው ከመምጣቱ በፊት «ኤፍ 8» የተባለውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ይበቃል፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «ሺፍት»ን ይዘው «ሪስታርት»ን ከተጫኑ በኋላ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርታፕ ሴቲንግስ» በሚለው መንገድ ሄደው ሪስታርት ያደርጉና ቁጥር 4ን ይመርጣሉ። በሴፍ ሞድ የሚነሡት ለሥርዓቱ የግድ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ብቻ በመሆናቸው ቫይረሱ በአብዛኛው ተኝቶ ይቆያል፤ ተኝቶ ያለን ፋይል መሰረዝ ደግሞ እየሠራ ያለውን ከመሰረዝ ይቀላል። በዚህ ሁኔታ ሴፍቲ ስካነርን ሙሉ ፍተሻ እንዲያደርግ አዝዘው ይተዉት። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን በተለመደው መንገድ አስነሥተው በማልዌርባይትስ ይፈትሹ፤ በዊንዶውስ 10 ላይ ከሆኑ በመጨረሻ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ያለውን «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን» የተባለ ፍተሻ ያክሉ፤ ይህኛው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ስለሚሠራ ራሱን የደበቀውን ቫይረስ ሊያገኝ ይችላል። መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ፍተሻውን እንደገና መጀመር ነው፤ ፋይሎቹን አስቀድሞ የማዳን ጥቅሙም እዚህ ላይ ይታያል። የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ያለው ዲፌንደር የሚፈልገው ስፓይዌርን ብቻ እንጂ ሙሉ አንቲቫይረስ አይደለም።

ፍተሻው «ምንም አልተገኘም» ቢልዎ ወዲያውኑ አይመኑት። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ክፍያ ለማንቃት የሚጫኑት «አክቲቬተር» የተባሉ ፕሮግራሞች ሲጫኑ አንቲቫይረሱን አጥፉ ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ዲፌንደር እንዳይፈትሽ የታዘዘባቸውን ቦታዎች የሚይዘው «ኤክስክሉዥንስ» የተባለ ዝርዝር ውስጥ ራሳቸውን ይጽፋሉ። ይህን ዝርዝር «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ከሚለው ሥር «ማኔጅ ሴቲንግስ»ን ከፍተው ያገኙታል። እዚያ ውስጥ ዊንዶውስ የተጫነበት ድራይቭ ሲ ሙሉውን ተጽፎ ካገኙት ዲፌንደር ሲፈትሽ የኖረው ባዶ ቦታ ነበር ማለት ነው። እርስዎ ያላስገቡትን ሁሉ ከዝርዝሩ ያስወግዱ፤ አክቲቬተሩንም ያጥፉ፤ ከዚያ ፍተሻውን ይድገሙ። በኔ እምነት በቤት ኮምፒውተር ላይ ከዚህ የከፋ የስፓይዌር በር የለም።

ቫይረሱ ከጠፋ በኋላ የተወው ፍርስራሽ ይቀራል። «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ ያሉትን ፕሮግራሞች በተጫኑበት ቀን አሰልፈው ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገቡትንና የማያውቋቸውን ያስወግዱ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡትንም በዊንዶውስ 10 «ታስክ ማኔጀር» ውስጥ፣ በዊንዶውስ 7 «ኤምኤስኮንፊግ» ውስጥ አይተው ያሰናክሉ። በብራውዘሩ ውስጥ የማያውቁትን ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚታከል ትንሽ ፕሮግራም) ሁሉ ይሰርዙ። ስክሪኑ ጥግ ላይ እየደጋገመ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተወሯል» የሚለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ሳይሆን በስሕተት ፈቃድ ያገኘ ድረ ገጽ ነው፤ በክሮም ሴቲንግ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ፈቃዱን ሲነጥቁት ዝም ይላል።

ቀጥሎ ፍላሾቹ ናቸው። ከዚራ ወይም ሳቢያን ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ገጽ ለማተም ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ ቀን ሙሉ የብዙ ሰው ፍላሽ ሲቀበል የዋለ ኮምፒውተር ነክቶ ነው የሚመጣው። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ ፍላሽ ሲሰካ በራሱ እንዳይከፍት «አውቶፕሌይ»ን ያጥፉ። ፍላሹን ሰክተው ሳይከፍቱት በቀኝ ክሊክ ያስፈትሹት። ቀስ ብለው ቢመለከቱ ፎልደር መስሎ የተቀመጠው ነገር አዶው ላይ ትንሽ ቀስት አለው፤ መጠኑም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ታርጌት» የሚለውን ቢያነቡ የፎልደርዎ አድራሻ ሳይሆን ሲ፣ ኤም፣ ዲ በሚሉ ፊደላት የሚጠራ የትእዛዝ መስኮት ወይም «ደብልዩስክሪፕት» ተጽፎ ያገኛሉ፤ ያን ሾርትከት መጫን ማለት ቫይረሱን በገዛ እጅ ማስነሣት ነው።

እውነተኞቹ ፋይሎች ግን በአብዛኛው አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያዝዙ፤ ቫይረሱ ፎልደሮቹን የሥርዓቱ ፋይል አስመስሎ ስለሚደብቃቸው «ፕሮቴክትድ» የተባሉትን የሥርዓት ፋይሎች ከሚደብቀው መስመር ላይም ምልክቱን ያንሡ። ያኔ ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ቫይረስ ሁሉንም ፋይል ስም በሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ስለሚያጭቅ እርሱንም ከፍተው ይመልከቱ። በውስጡ ያለውን ወደ ኮምፒውተሩ አዲስ ፎልደር ገልብጠው፣ አስፈትሸው፣ ፍላሹን ያኔ ፎርማት ያድርጉት። ከዚያም የተነሡትን ምልክቶች ወደ ቦታቸው ይመልሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቫይረሱ ሪስታርት ሲደረግ ተመልሶ ከመጣ ፎርማት ማድረግ ተገቢ ይሆናል። ባለሙያ ዘንድ ሲወስዱት ድራይቭ ሲ ብቻ ሳይሆን ድራይቭ ዲም እንዲፈተሽ፣ ዊንዶውስም ከታወቀ ምንጭ እንዲጫን አስቀድመው ይናገሩ። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንትን፣ ማስጫን እመክራለሁ። 2 ጊጋባይት ራም ላይ ይሠራል፤ 4 ቢኖር ይመረጣል። ለዊንዶውስ የተጻፉት የፍላሽ ቫይረሶችም እዚያ ላይ አይነሡም።

የይለፍ ቃል መቀየር የሚገባው ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ኮምፒውተሩን መጠበቅ የማይችል ሰው በስልኩ አሁኑኑ ይቀይር። ከኢሜይሉ ይጀምሩ፤ የአብዛኛው ሌላ ሒሳብ የይለፍ ቃል የሚታደሰው በኢሜይል ነውና። በቴሌግራም ሴቲንግ «ዲቫይስስ» ውስጥ የማያውቁት መሣሪያ ካለ ያስወጡትና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የባንክ ሒሳብ ከፍተው ከነበረ ደግሞ ባንኩን በአካል ወይም በይፋዊ ስልኩ አግኝተው ያሳውቁ።