ሼክስፒርን ወታደር ቤት ማስገባት

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች አንድ የሚወዱት ቀልድ ነበራቸው። ሁሉም በቃሉ የሚያውቀውን የሼክስፒር ስንኝ ይወስዱና፣ አንድ ፊደል ሳይነኩ፣ ከበላዩ የወታደር ቤት ካርቱን ይስሉበታል። ሜጀር ሴኮምብ የሚባል መኮንን በ1880 እ.ኤ.አ. በዚሁ ቀልድ የተሞላ ባለቀለም መጽሐፍ አውጥቷል። እናንተም ትችላላችሁ፤ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ትንሽ ተንኮል ነው።

መጀመሪያ ስንኙ። የታወቀና ኮስተር ያለ ይሁን። ከኮሜዲ አትውሰዱ፣ ቀልድ ላይ ቀልድ አይደምቅም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎሟቸው ሐምሌት፣ ኦቴሎና ማክቤዝ እጃችሁ ላይ ካሉ ከዚያ ጀምሩ። ቃሉ ግርማ በያዘ ቁጥር ስዕሉ ተራ ሲሆን ነው የሚያስቀው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ይሄን ቃል ወታደር ቤት ውስጥ ማን ከልቡ ሊለው ይችላል?

ሌዲ ማክቤዝን እንያት። እጇ ላይ ያለ የሚመስላትን ደም እያሸች «ልቀቅ፣ አንተ የተረገምክ እድፍ!» ትላለች። የዚያን ጊዜ ወታደር ደግሞ ቀበቶውን በነጭ ሸክላ አፈር እየቀባ ማንጣት ግዴታው ነበር። በቃ፣ አገኛችሁት። አልጋው ጫፍ ላይ በሸሚዝ የተቀመጠ ምልምል፣ ጭኑ ላይ ነጭ ቀበቶ፣ ቀበቶው መሃል ሳንቲም የምታክል የሻይ ጠብታ፣ በሩ ላይ ደግሞ የሃምሳ አለቃው ጢም ብቻ ብቅ ብሎ። ሰውዬውን ሙሉ አትሳሉት፣ ጢሙ ይበቃል።

የሐምሌት «መሆን ወይስ አለመሆን»ም አያስቸግርም። ባርኔጣው ላይ ሪባን የሰካ መልማይ ሃምሳ አለቃ መጠጥ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ሽልንግ መዳፉ ላይ አድርጎ ለገጠር ልጅ ይዘረጋል። ሽልንጓን መቀበል እኮ ለመቀጠር እሺ ማለት ነበር። ልጁ ሳንቲሟን ብቻ ይይ።

ንጉሥ ሪቻርድ ሳልሳዊ «ፈረስ! ፈረስ! መንግሥቴን ለፈረስ!» የሚለውን ግን ተዉት ባይ ነኝ። ፈረሱ ያመለጠበትን መኮንን መሳል ይቀናል፣ ሪቻርድ ግን ዋናው ተውኔት ላይም ጦርነት መሃል ፈረስ ያጣ አዛዥ ነው። ምኑን አጣመማችሁት?

ልብሱ ላይ አትቀልዱ፤ ልብሱ ትክክል ካልሆነ የየትም አገር አሻንጉሊት ወታደር ይሆንባችኋል። እግረኛው ቀይ ኮት፣ መድፈኛው ሰማያዊ። ከ1878 ወዲህ ከሆነ እግረኛው አናቱ ላይ ሹል ብረት ያለው ሰማያዊ ቆብ ያደርጋል፤ ትልቁን የድብ ቆዳ ቆብ ለንግሥቲቱ ዘቦች ተዉላቸው። ሃምሳ አለቃ እጅጌው ላይ ሦስት መስመር አለው፣ ከትከሻው በደረቱ የሚወርድ ቀይ መታጠቂያም አለው። ጢም ለሁሉም ስጡ፤ የላይኛውን ከንፈር መላጨት እስከ 1916 በወታደራዊ ደንብ የተከለከለ ነበር።

ስትስሉ በእርሳስ ንደፉ፣ በቀለም ብዕር አድምቁ፣ ጥላውን በሚጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አውጡ። ቀለም ከጨመራችሁ ሦስት አራት ይብቃ፣ ያለ ማደብዘዝ። ያኔ ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው እንጨት ይቀረጽ ስለነበር ያ ቁጥብነት የዘመኑን መልክ ይሰጣችኋል። ከሁሉም በላይ ግን ስዕሉ ውስጥ ማንም አይሳቅ! ምልምሉ ስለ ሻይ ጠብታዋ የምሩን ይጨነቅ፤ አንድ ሰው ፈገግ ካለ ቀልዱ ሞተ።

ከስር ስንኙን እንዳለ ጻፉት፣ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል «ማክቤዝ፣ ገቢር 5፣ ትዕይንት 1» በሉ። ያቺ የምሁር አኳኋን ራሷ ግማሽ ቀልድ ናት። ማብራሪያ አትጨምሩ።

መለማመጃ የፈለገ የሐምሌትን የመጀመሪያ መስመር ይሞክር። «ማነው?» ብሎ የሚጮኸው ተረኛው ዘብ አይደለም፣ ሊቀይረው የመጣው ነው። ሼክስፒር ራሱ ግማሹን ሠርቶላችኋል፣ የቀራችሁ ኮት ማልበስ ነው።