አይጦቹ መካን ሆኑ፤ ግን ለምን? የጂን ጥናት ስናነብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ይህ ጂን ሲበላሽ አይጦቹ መካን ሆኑ።» እንዲህ የሚል ውጤት ሲያጋጥመው ብዙ አንባቢ እዚያው ላይ ያቆማል። ቁም ነገሩ ግን የሕዋስ ክፍፍሉ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁለቱን ክፍፍሎች መደባለቅ ነው። ማይቶሲስ ሰውነት የሚያድግበት፣ ቁስል የሚሽርበት ነው፤ የአይጥ ሕዋስ 40 ክሮሞዞሞቹን (ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸውን ዘንጎች) እንደያዘ ይባዛል። ሚዮሲስ ደግሞ እንቁላልና ስፐርም የሚፈጠርበት ነው፤ በዘር እጢዎች ብቻ ይካሄድና ቁጥሩን ወደ 20 ያወርዳል። ስፖ11 የሚባለው ጂን የሚያስፈልገው ለሚዮሲስ ነው፤ ክሮሞዞሞች ጥንዳቸውን እንዲያገኙ ዲኤንኤውን ሆን ብሎ ያስቆርጣል። እሱ የሌላት አይጥ ደህና ታድጋለች፣ መውለድ ግን አትችልም። ለማይቶሲስም የሚያስፈልገው ማድ2 የተባለው ጂን ሲጠፋ በአንጻሩ ሽሉ ገና በጅምሩ ይሞታል፤ ስለ መውለድ ለማውራት ጊዜም የለ። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ጂን ከእንቁላል ሕዋስ ላይ ብቻ አጥፍተው የሚያጠኑት።

በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ወንዱንና ሴቷን በአንድ ዓይን ማየት ነው። ክሮሞዞሞች በሚዮሲስ እንዲጣመሩ የሚረዳው ኤስዋይሲፒ3 የተባለው ጂን ሲጠፋ ወንዶቹ ጭራሽ አይወልዱም። ሴቶቹ ግን ይወልዳሉ! ቁጥሩ ያንሳል እንጂ፤ ከሽሎቹ አንዳንዶቹ የተዛባ የክሮሞዞም ቁጥር ይዘው ማህፀን ውስጥ ይቀራሉ። በወንዱ በኩል ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው፤ ክሮሞዞሞቹ በትክክል ካልተጣመሩ ሕዋሶቹ በጅምላ ይሞታሉ። በሴቷ በኩል ላላ ይላል፣ ስህተቱም ወደ እንቁላሉ ያልፋል። ጊዜውም ይለያያል። የሴቷ ሚዮሲስ የሚጀምረው እሷ ራሷ ሳትወለድ፣ በእናቷ ማህፀን ውስጥ ነው። ከዚያ እንቁላሉ ሊለቀቅ እስኪል ቆሞ ይጠብቃል። ወንዱ ከተወለደ በኋላ ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ይቀጥላል። ስለዚህ የሴቷን ችግር መነሻ በአዋቂ አይጥ እጢ ውስጥ ብቻ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አልወለዱም ማለት አልተገናኙም ማለት አይደለም። ከተገናኙ በሴቷ ብልት ውስጥ የረጋ መሰኪያ ይገኛል፤ ጠዋት ላይ ይታያል። መሰኪያው የሚሠራው ከሌሎች እጢዎች ፈሳሽ ስለሆነ ግን ስፐርም የሌለው ወንድም ይተወዋል። ስለዚህ የመገናኘት ማስረጃ እንጂ የስፐርም ማስረጃ አይደለም።

በአንድ ወሊድ መፍረድም አያዋጣም። ወጣቷ አይጥ መጀመሪያ ደህና ወልዳ እንቁላሏ ቶሎ ሊያልቅ ይችላል። ለወራት መከታተል፣ ጂናቸው ካልተነካ የአንድ እናት ልጆች ጋርም ማወዳደር ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል ነው። ፒአርዲኤም9 የተባለው ጂን ዲኤንኤው የት ጋ እንደሚቆረጥ ይጠቁማል። በተለመደው የላብራቶሪ አይጥ ዝርያ ላይ ሲጠፋ መካንነት ያስከትላል። በ2016 በታተመ ጥናት ግን ሁለቱም የዚህ ጂን ቅጂዎቿ የማይሠሩ ጤነኛ ሴት ተገኘች። ልጅ ወልዳለች።