ቴሪዮስ ወይስ ራሽ? ለጎጃም መንገድ የትኛዋን እንደምትገዙ እንዴት ይለያል

አነስ ያለች ግን ከመሬት ከፍ ያለች መኪና እፈልጋለሁ ያለ ሰው ደብረ ማርቆስም ይሁን ባህር ዳር ሁለት ስም ይጠራለታል፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስና ቶዮታ ራሽ። ደላላው ታዲያ ሁለቱን የሰማይና የምድር ያህል አራርቆ ነው የሚያወራው፣ በተለይ እጁ ላይ ያለችው ራሽ ከሆነች። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የወጡት ቴሪዮስና ራሽ አንድ መኪና ናቸው፣ የሰራቸው ዳይሃትሱ ነው፣ ቶዮታ የራሱን አርማ ለጥፎ ራሽ ብሎ ሸጣት። ስለዚህ አርማውን ትታችሁ ከስሯ ምን እንዳለ ነው የምትመርጡት።

መጀመሪያ ዘመኗን ለዩ። ሶስት አይነት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2005 አካባቢ የተሰራችው ትንሿ ጠባቧ ቴሪዮስ አለች፣ የዛን ጊዜ ራሽ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለተኛዋ የ2006ቷ ናት፣ መንታነታቸው የጀመረው ከዚች ነው። ሶስተኛዋ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የወጣችው ረዘም ያለችው፣ 7 ሰው የምትጭነው ናት። አዲሷን ራሽ "ፎር ዊል ናት"፣ ማለትም በአራቱም ጎማ ትገፋለች፣ የሚላችሁ ሰው ካለ ወይ አያውቅም ወይ እየዋሸ ነው፣ እሷ ከፋብሪካ ስትወጣም በኋላ ጎማ ብቻ የምትገፋ ናት። ከመሬት ግን 22 ሳንቲም ከፍ ትላለች፣ ያ አይናቅም።

ቀጥሎ የራሳችሁን መንገድ አስቡ፣ ይሄ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኑሯችሁ ከባህር ዳር በዳንግላ በእንጅባራ በቡሬ አድርጎ ማርቆስ ድረስ ባለው አስፋልት ላይ ከሆነ በኋላ ጎማ የምትገፋዋ ትበቃችኋለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች፣ የሚበላሽ እቃም ይቀንሳል። ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ዋልካ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ ግን፣ በቢቸና በሞጣ በኩል ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ ስራችሁ ወረዳ ለወረዳ የሚያዞራችሁ፣ ፎር ዊሏን ካልሆነ አትግዙ። ዋልካ ሲረጥብ ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ጎማውን ለስላሳ ያደርገዋል፣ ባዶ መኪና ደግሞ ከኋላ ቀላል ስለሆነች ኋላዋን እየጣለች ቦይ ውስጥ ትገባለች።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፎር ዊል መሆኗን እንዴት ታውቃላችሁ የሚለው ነው፣ ሰው ሁሉ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ስቲከር አትመኑ። ቢቸና አካባቢ የማውቀው ሰውዬ ኋላ በሩ ላይ "4 በ 4" የሚል የተለጠፈባት ቴሪዮስ ገዝቶ ሰኔ ላይ ዋልካው ውስጥ ተቀብራ የአካባቢው ገበሬዎች ናቸው ገፍተው ያወጧት፣ ኋላ ጋራዥ ሲያስነሳት ከፊት ምንም የላትም። ስቲከሩን ማንም ሰው ገበያ ላይ ገዝቶ ይለጥፈዋል።

ስለዚህ ካርቶን አንጥፉና ስሯ ተኙ፣ ለልብሳችሁ አትሳሱ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ ፎር ዊሏም በኋላ ጎማ የምትገፋዋም አላቸው፣ እናንተ የምትፈልጉት ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ነው፣ ከሱ ጫፍ ደግሞ የፊት ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው)፣ ከዲፈረንሻሉ ግራና ቀኝ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱ ዘንጎች። እነዚህ ከሌሉ ወሬው አለቀ። ዘንጎቹ ኖረው ጎማው አጠገብ ያለው የዘንጉ መሸፈኛ ላስቲክ ተቀዶ ግሪሱ ከተረጨ ዋጋ ማስቀነሻ ነው። ሌላም ፍንጭ አለ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በጄ ከጀመረ ጃፓን የተሰራች ናት፣ በኤም ኤች ከጀመረ ኢንዶኔዥያ፣ የኢንዶኔዥያዎቹ ደግሞ በኋላ ጎማ የሚገፉት ናቸው። የጃፓኗም ሁለቱም አይነት ስላላት በጄ መጀመሩ ብቻውን አያስተማምንም፣ መተኛቱ አይቀርም።

ዘንጉ አለ ማለት ይሰራል ማለት አይደለም። የ2006ቷ ፎር ዊል ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትሄደው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁልፍ የመሀሉን ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን፣ ለመቆለፍ ነው። አፈር ሜዳ ፈልጉ፣ አስፋልት ላይ ይሄን አትሞክሩ እቃ ትሰብራላችሁ፣ ቁልፉን ተጫኑና መብራቱ ሲበራ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። እየታሰረች፣ ጎማዎቹ አፈሩን እየፋቁ ከዞረች ቆልፋለች። ቁልፉን ስታጠፉ ደግሞ ልስልስ ብላ መዞር አለባት። በሁለቱም ልዩነት ከሌለ መብራቱ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ቁልፉ ጠፍቶም ከታሰረች ደግሞ የመሀሉ ዲፈረንሻል ታሟል፣ ትታችሁ ሂዱ። አራቱንም ጎማ አይታችሁ ቁጥራቸው የተለያየ ከሆነ ወይም ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቁ ከሆኑም ጠርጥሩ፣ ይቺ መኪና የተለያየ ጎማ አትወድም፣ ዲፈረንሻሉን የሚበላው እሱ ነው። ደግሞ ከባድ ማርሽ፣ ለከባድ ጭቃና ዳገት የሚሆነው ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ፣ የላትም፣ ላንድክሩዘር ናት ብላችሁ እንዳትነዷት።

ሞተር ላይ 1.5 ሊትሩ ይሻላል፣ እኔ በዚህ አልደራደርም። ምክንያቱም ማርቆስ ከባህር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ወረቀት ላይ 105 የፈረስ ጉልበት ያላት 1.5 እዚህ 80 ገደማ ነው የሚቀራት፣ 1.3ቷ ደግሞ 65 ምናምን፣ አምስት ሰውና ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ ከአባይ ወደ ደጀን ስትወጡ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የ2006ቷ ሁለቱም ሞተሮች የላስቲክ ቺንጋ ሳይሆን የብረት ካቴና ነው ያላቸው፣ ጥሩ ነው፣ ዘይት በሰዓቱ ካልተቀየረ ግን ካቴናው ይላላል። ጠዋት ሻጩ ሳያሞቃት ድረሱባት፣ ስትነሳ የሚንሿሿ ድምፅ ከሰማችሁ የካቴናው ነው። ከዛ ኤሲ ከፍታችሁ ረዘም ያለ ዳገት አውጧትና የሙቀቱን ምልክት እዩ።

መለዋወጫ ብዙ አያሳስብም፣ የቴሪዮስ ይጠፋል የሚሉት ግማሹ ወሬ ነው፣ የ2006ቷ 1.5 ሞተር ያኔ የነበረችው የቶዮታ አቫንዛ 1.5 ላይ ያለው ሞተር ነው፣ ካንዴላውም ፊልትሮውም ያው። የአካል እቃ፣ መብራት፣ መከላከያ ላይ ግን ስሙን አስተካክላችሁ ጠይቁ።

ሊብሬ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ዕዳና እገዳ፣ ቦሎ፣ ይሄን ማጣራት እንዳለበት ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ዋጋ ላይ ስንመጣ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለችዋ እዚሁ የምትዞረዋ ናት፣ ባለቤቶቹም ያውቁታል። ቶዮታ የሚለው አርማ ስትሸጡ ይጠቅማችኋል፣ ስትገዙ ግን እናንተ ናችሁ የምትከፍሉበት። ቶሎ የምትሸጡ ከሆነ ራሽ ውሰዱ። ይዛችኋት የምትቆዩ ከሆነ እኔ ቴሪዮሷን ነው የምላችሁ፣ የተረፈውን ገንዘብ አራት አንድ አይነት የሆኑ አዲስ ጎማዎች ግዙበት፣ አምስተኛውን ለስኮርታ።