ለአርጃኖ የቤት ውስጥ ማቆያ አሠራር፦ ከመሠረት እስከ አምፖል

ጣና ዳር ቄጠማ ውስጥ ሲሾልክ የሚታየው ትልቁ እንሽላሊት፣ አርጃኖ፣ ሲያድግ ከጅራቱ ጋር 1.5 ሜትር፣ አንዳንዴም 2 ሜትር ይደርሳል። የዱር እንስሳ ስለሆነ ከሐይቁ ዳር ይዞ ቤት ማስገባት ሕግ ይከለክላል። ስለዚህ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ የሌለው ሰው ብሎኬት ከመግዛቱ በፊት እዚያ ይሂድ። የሚከተለው አሠራር ፈቃዱ ላለው ነው።

የማቆያው የውስጥ ስፋት ቢያንስ 4 በ2 ሜትር፣ ከፍታው 2.2 ሜትር ይሁን። እንስሳው ጉድጓድ ቆፋሪ ስለሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ይፈልጋል። ይህ አፈር ሲረጥብ ከ6 ቶን በላይ ይመዝናል። ፎቅ ላይ መሥራት አይታሰብም፤ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት ወለል ላይ ብቻ ነው።

የክፍሉን ነባር ግድግዳ እንደ አንድ ጎን መጠቀም ብሎኬት ይቆጥባል፤ ግን እርጥበቱ ልስኑን ይበላዋል። ከነባሩ ግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀው የራሱን ግድግዳ ይሥሩ። የታችኞቹ 4 ረድፎች ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ይሁኑ፤ ስብራቱን ጨምሮ 140 ያህል ይበቃል። በየ80 ሳንቲ ሜትሩ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ አቁመው የብሎኬቱን ቀዳዳ በኮንክሪት ይሙሉ (1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር)። ይህ ካልተደረገ እርጥብ አፈር ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋና ማዕዘኑ ላይ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ በላይ ባለ 15 ይበቃል።

የውሃ ገንዳው 1.5 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 50 ይሁን፤ 600 ሊትር ያህል ይይዛል። ከንፈሩ ከአፈሩ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ እንስሳው በወጣ በገባ ቁጥር አፈሩ ይገባል። አርጃኖ የሚጸዳዳው ብዙውን ጊዜ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ውሃው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል። ማፍሰሻው ከባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ካነሰ ጭቃ ይደፍነዋል። የገንዳውን ልስን ለ7 ቀን እያረጠቡ ያቆዩት፤ ከዚያ ገንዳውን ሞልተው 2 ቀን ይጠብቁ። ውሃው ከቀነሰ አሁኑኑ ይጠገን፤ አፈር ከገባ በኋላ ፍሳሹን ፈልጎ ማግኘት መከራ ነው።

ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ የፊቱ ገጽ መስታወት ይሁን። ሽቦ ወንፊት አይሆንም፤ እንስሳው አፍንጫውን እየፈተገ ያቆስለዋል። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ከተሠራ በኋላ ስለማይቆረጥ፣ ፍሬሙ ቆሞ ከተለካ በኋላ ይታዘዝ። ጣሪያው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖልሳቶ ሆኖ ከላዩ ፎም ይደረብበት። ቀለሙን ሦስት እጅ ይቀቡ፤ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፤ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ሁለት ባለ 10 በ20 ሳንቲ ሜትር መተንፈሻ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ይበቃል።

አፈሩ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። መረሬ አያስገቡ፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጉድጓድም አይጸናበትም። ጸረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የመጣ አፈርም ይቅር። እያረጠቡ በንብርብር ይሙሉት። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን ከያዘ፣ ሲጨመቅ ግን ውሃ ካላንጠባጠበ ልኩ ነው።

እንስሳው ለሚሞቅበት ቦታ ወፍራም ግንድ በብሎን ይታሰር። ከበላዩ አንድ ትልቅ አምፖል መስቀል የተለመደ ስህተት ነው፤ ጀርባው ላይ አንድ ቦታ ያቃጥላል፣ ሌላው አካል ይበርደዋል። አራት ባለ 50 ወይም ባለ 75 ዋት ሃሎጅን በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በረድፍ ይሰቀሉ፤ መያዣቸው የሸክላ ይሁን፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል። እንስሳው እንዳይንጠለጠልባቸው በሽቦ ቀፎ ይከለሉ። የግንዱ ገጽ 55 ዲግሪ ያህል እስኪደርስ ከፍታቸውን ያስተካክሉ፤ ልኬቱ በጨረር ቴርሞሜትር ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ 26 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ገመዱ ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚቆርጥ ብሬከርም ግድ ነው።

እንስሳው ሳይገባ ማቆያው ሁለት ሳምንት ባዶውን ይሥራ። ባሕር ዳር ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ቴርሞሜትሩን ጎህ ሲቀድ ይመልከቱ። ከ24 ዲግሪ ከወረደ ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ይጨመር። መስታወቱ ቀኑን ሙሉ ላብ ካዘለ የላይኛው መተንፈሻ ይስፋ።