አብሽ ለስኳርና ለልብ፦ እንዴት ይዘጋጃል? (ማሩን ተዉት)

እናቴ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት ጎረቤቱ ሁሉ ያዘዘላት አብሽ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትመታው ጀመር። መለኪያው ግን 240 ላይ ሙጭጭ አለ። አንድ ቀን ስታዘጋጅ ቁጭ ብዬ አየሁ። ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ማር! "ምን ላድርግ ልጄ፣ ይመራላ" አለችኝ።

አብሽ የሚጠቅመው ውሃ ሲነካው በሚያብጠውና በሚያሟልጨው ፋይበር ነው። ፋይበሩ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ስኳሩ ቀስ እያለ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል፣ መጥፎውን ኮሌስትሮልም በጥቂቱ ይቀንሳል። ለልብ ጥሩ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው። በጥቂቱ ነው ያልኩት፤ ክኒን አይተካም።

ፍሬውን ግዙና ራሳችሁ አስፈጩት። ውጭ አገር ያላችሁ ሕንድ ሱቅ "ሜቲ"፣ ዓረብ ሱቅ "ሒልባ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያው አብሽ ነው። ለቀም አድርጋችሁ ቶሎ አለቅልቁት፣ ውሃ ውስጥ ከቆየ እጃችሁ ላይ ይሟልጫል። ፀሐይ ላይ በደንብ ሲደርቅ ይፈጫል።

ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጎድጓዳ ሳህን አድርጉና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዱቄቱ አብጦ ታች ተኝቶ፣ ከላይ ቢጫ ውሃ አቅርሮ ታገኙታላችሁ። ምሬቱ በብዛት እዚያ ውሃ ውስጥ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ድፉት። ሌላ ውሃ ጨምሩና ትንሽ ቆይታችሁ እሱንም ድፉ። ከዚያ በእንጨት ማንኪያ ምቱት። መጀመሪያ እንደ ሙጫ ይጎተታል፤ ክንዳችሁ እስኪዝል ስትመቱት ግን እየነጣ፣ አረፋ እየያዘ፣ እንደተመታ እንቁላል ነጭ ኩፍ ይላል። በቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኑትና ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት። ማር የለም። ስኳር የለም። ተልባ የምትጠጡም እንዲሁ፣ ቆልታችሁ ፈጭታችሁ ያለ ማር።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሻይ ማንኪያ ጀምሩ፣ አለዚያ ሆዳችሁ ይነፋል። ከምግብ ጋር ጠጡት። ፋይበሩ መድኃኒት እንዳይዝባችሁ ከክኒን ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት፤ ክኒኑ ጠዋት ከሆነ አብሹ ለምሳ ይሁን።

አሁን ሰው የሚዘለው ነገር፦ መለካት። አንድ ሳምንት ያለ አብሽ፣ ሁለት ሳምንት ከአብሽ ጋር፣ ምግባችሁን ሳትቀይሩ በባዶ ሆድና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አልሠራላችሁም፣ በቃ። ከወረደ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ፤ ክኒኑን የሚቀንሰው እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ኢንሱሊን የምትወጉማ በጭራሽ እንዳታቋርጡ። በተለይ ዓይነት 1 ስኳር ያለበት (ሰውነቱ ራሱ ኢንሱሊን የማያመርት) ሰው ኢንሱሊን ካቆመ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ቲክቶክ ላይ "ከሥሩ ይነቅላል" የሚለው ሻጭ ያን ጊዜ አጠገባችሁ የለም።

የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚንም እኮ መነሻው ጋሌጋ የሚባል ተክል ነው የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ግን ክኒኑ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ይታወቃል፣ የእናንተ ማንኪያ ውስጥ ያለው አይታወቅም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ (ስኳር የሚያወርድ ክኒን) የሚወስድ ሰው አብሽ ሲጨምርበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፣ በጾም ቁርስ ሲቀር ደግሞ ይብሳል። ካላባችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠና መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ማር የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው!

ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የምትወስዱ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ አብሽም፣ በብዛት የሚበላ ነጭ ሽንኩርትም ደም ሊያፈስ ይችላል። ነፍሰ ጡሮች ከወጥና ከቅቤ አልፋችሁ በብርጭቆ አትጠጡት። ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ የማይስማማችሁም ተጠንቀቁ፣ ዘመዳሞች ናቸው።

ደግሞ ላባችሁም ሽንታችሁም አብሽ አብሽ ይሸታል። አትደንግጡ፣ በሽታ አይደለም። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን መስኮት ሊከፍት ይችላል።