አካል ጉዳተኞችን ከቤት የሚያስቀሩ የከተማ መንገድ ስህተቶች

አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶቿን በስፋት እየገነባች ነው፤ ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ከአራት ኪሎ ተነሥቶ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቦሌ የሚሄድ እግረኛ ከዚህ ቀደም ያላየውን ስፋት ያገኛል፤ ይህም ለአካል ጉዳተኞች ትልቅ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ በየከተማው ተደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች በእኔ እምነት ከገንዘብ እጥረት ይልቅ የሚመነጩት መንገድን ቆራርጦ ከማየት ነው። ራምፑ (በደረጃ ፈንታ የሚሠራው ተዳፋት መውጫ) ለብቻ፣ ንጣፉ ለብቻ፣ መሻገሪያው ለብቻ ይሠራል፤ አንድ ሰው ከቤቱ ተነሥቶ የፈለገው ቦታ መድረስ መቻል አለመቻሉን የሚጠይቅ ግን አይገኝም። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ምቹ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ሃያ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ጠርዝ ቢገጥመው የተጓዘው ሁሉ ከንቱ ይሆንበታል።

ለስም ያህል የተሠራ ራምፕ

በአንድ ሕንፃ መግቢያ ላይ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ሦስት ደረጃዎች ቢኖሩ ጠቅላላ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የራምፕ ተዳፋት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ይህም ማለት ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ለሦስቱ ደረጃዎች የሚያስፈልገው ራምፕ 5 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ሊኖረው ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን በደረጃው ጥግ ላይ የፈሰሰ፣ ከሜትር ተኩል የማይበልጥ ሲሚንቶ ነው። ዊልቸሩን በራሱ እጅ የሚገፋ ሰው እንዲህ ያለውን ዳገት ልውጣ ቢል ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል፤ ሲወርድም ጎማውን መቆጣጠር ያዳግተዋል። ከኋላ የሚደግፉት ሰዎች ካልተገኙ በስተቀር እንዲህ ያለው ራምፕ ከደረጃው አይሻልም።

ተዳፋቱ ትክክል በሆነበት ቦታም ቢሆን ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ራምፑ ከመንገዱ ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። የዊልቸር የፊት ጎማዎች ትናንሽ ስለሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጠርዝ እንኳ ቀጥ አድርጋ ታቆማቸዋለች፤ ተቀማጩም በደረቱ ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። የጎርፍ መውረጃው የብረት ፍርግርግ ከራምፑ ሥር ተቀምጦ ክፍተቶቹ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆኑ ደግሞ ጎማውም ሆነ የክራንቹ ጫፍ እዚያው ተሰንቅሮ ይቀራል። ፍርግርጉን አዙሮ በአግድም ማስቀመጥ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በበጋ ደህና የሚመስለው ራምፕ በሐምሌና በነሐሴ ውሃ የሚቋጥር ከሆነም፣ የራምፑ ተጠቃሚ ክረምቱን በሙሉ በጎርፍ ውስጥ ለመሄድ ይገደዳል፤ ስለዚህ ውሃው ራምፑ ዘንድ ሳይደርስ የሚቀበለው መውረጃ ከዳገቱ በኩል መዘጋጀት አለበት። ከላይም በሩ ፊት ለፊት ዊልቸር የሚዞርበት 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ደልዳላ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

ወደ ምሰሶ የሚመራ ንጣፍ

ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈውን ጎርበጥ ያለ ንጣፍ የፈጠረው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ሲሆን፣ ንጣፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ነው። ዛሬ በአብዛኛው በሁለት ዓይነት ይሠራል። ረጃጅም መስመሮች ያሉት “በዚህ ቀጥል” የሚል ትርጉም አለው፤ ክብ ክብ ጉብታዎች ያሉት ደግሞ “ቁም፣ ከፊትህ መሻገሪያ ወይም ደረጃ አለ” ብሎ ያስጠነቅቃል። ነጭ በትር የያዘ ሰው ልዩነቱን በበትሩ ጫፍና በጫማው ሥር ይለየዋል። ስለዚህ ሁለቱን ማቀላቀል የትራፊክ መብራትን ቀይና አረንጓዴ ከማለዋወጥ አይለይም። ለውበት ሲባል በእግረኛ መንገዱ መካከል ጉብታ ያለውን ብቻ መደርደር፣ መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ግን መስመሩን ያለ ማስጠንቀቂያ ማቋረጥ፣ ሰውየውን መኪና ፊት አውጥቶ እንደ መተው ይቆጠራል።

ከዚህ የባሰው መስመሩ በቀጥታ ወደ መብራት ምሰሶ፣ ወደ ዛፍ ወይም ክዳኑ ወደ ተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲመራ ነው። መንገዱን የሚያነጥፈው አካል የጉድጓዱን ክዳን ከሚያስቀምጠው አካል ጋር አስቀድሞ ካልተነጋገረ ይህ መከሰቱ አይቀርም። በንጣፉ ግራና ቀኝ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነጻ ቦታ ካልተተወ ሰውየው መስመሩን ይዞ እየሄደም ትከሻው ከግድግዳ ወይም ከቆመ ሞተር ሳይክል ጋር ይላተማል። የንጣፉ ቀለም ከአካባቢው ጎልቶ መለየት አለበት፤ ምክንያቱም የማየት ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጨርሶ የማያዩ ሳይሆኑ በጥቂቱ የሚያዩ ናቸው። ግራጫ ንጣፍ በግራጫ ኮንክሪት ላይ ለእነርሱ የለም ማለት ይቻላል።

በትሩ የማይደርስበት መሰናክል

ነጭ በትር የሚያስጠነቅቀው ከወገብ በታች ስላለው ነገር ነው። ከላይ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ማስታወቂያ፣ የምሰሶ መወጠሪያ ሽቦ፣ ከሱቅ ደጃፍ የወጣ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ እየተሠራ ካለ ሕንፃ ወደ መንገዱ የተዘረጋ የባሕር ዛፍ አጣና ሁሉ ዓይነ ስውሩን ያለ ማስጠንቀቂያ ፊቱን ይመቱታል። ከመሬት እስከ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ድረስ መንገዱ ከእንዲህ ዓይነት ነገር ነጻ ሊሆን ይገባል። መኪና እንዳይገባ ተብሎ በአጫጭር ምሰሶዎች መካከል የሚወጠረው ሰንሰለትም አደገኛ ነው፤ በትሩ ከሥሩ ያልፍና ሰውየው በጉልበቱ ተጠልፎ ይወድቃል። ምሰሶዎቹን ዊልቸር በሚያሳልፍ ርቀት፣ ማለትም በ90 ሳንቲ ሜትር ገደማ አራርቆ ሰንሰለቱን ማስቀረት መኪናውንም ይከለክላል፣ ሰውንም ያሳልፋል።

በዚህ ረገድ ጥፋቱን ሁሉ በጉሊት ነጋዴዎች ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። በመንገድ ዳር ሎተሪ የሚያዞሩና ጫማ የሚጠርጉ አካል ጉዳተኞች ጥቂት አይደሉም፤ የእግረኛ መንገዱ መተላለፊያቸው ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያቸውም ነው። መፍትሔው ለመተላለፊያ ቢያንስ 180 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ዊልቸሮች የሚተላለፉበትን ስፋት ከልሎ የመነገጃውን ቦታ ከዚያ ውጪ በግልጽ መወሰን እንጂ ዕቃ እየወረሱ ማባረር አይደለም።

ግማሽ ድረስ ብቻ የሚያሻግር ዜብራ

ሰፋፊ መንገዶች በመካከላቸው ከፍ ያለ፣ አበባና ሣር የተተከለበት አካፋይ አላቸው። ዜብራው ተቀብቶ ከሁለቱም ዳር ራምፕ ይሠራና አካፋዩ ሳይቆረጥ ይተዋል፤ በዊልቸር የሚሻገረው ሰውም መኪና ከግራና ከቀኝ እየመጣበት መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። የመብራቱ ጊዜም ራሱን የቻለ ስህተት ነው። 24 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ በሴኮንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ጤነኛ ጎልማሳ በ20 ሴኮንድ ይሻገረዋል፤ በክራንች በሴኮንድ 0.8 ሜትር የሚሄድ ሰው ግን 30 ሴኮንድ ያስፈልገዋል። መብራቱ ለመጀመሪያው ብቻ ከተለካ ሁለተኛው ሦስት አራተኛውን መንገድ እንኳ ሳይጨርስ መኪናው ይለቀቅበታል። ድምፅ የሌለው መብራት ደግሞ ለዓይነ ስውር ምንም አይነግረውም።

ብዙ መሐንዲሶች ለዚህ ሁሉ መልሱ የእግረኛ ድልድይ ነው ብለው ያምናሉ። ደረጃ ብቻ ያለው ድልድይ ግን ለመኪናው ፍጥነት ሲባል አካል ጉዳተኛውን፣ ነፍሰ ጡሯንና አረጋዊውን ከመንገዱ ያስወጣል። ሊፍት ይገጠምለት ቢባልም ሊፍት መብራት፣ ጥገናና ጠባቂ ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በሊፍት ላይ ብቻ የተመሠረተ መተላለፊያ አስተማማኝ ሊሆን አይችልም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ አገልግሎት እንደሚሰጠው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከፍ ያሉ ጣቢያዎች ባሉበት ቦታ ሊፍት የግድ ነው፤ ተራ መንገድ ላይ ግን መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ ሰው በመሬት ላይ ቢሻገር ይሻላል።

ኮብልስቶንን ዳር እስከ ዳር ማንጠፍ

የኮብልስቶን ሥራ ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆኗል፣ የሰፈሮችንም ጭቃ አስወግዷል። ነገር ግን ድንጋዩ የዊልቸሩን ጎማ እያንገጫገጨ ተቀማጩን ያሳምማል፣ የክራንቹንም ጫፍ ያንሸራትታል። በመንገዱ አንድ ዳር አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ለስላሳ ኮንክሪት ቢዘረጋ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል። ልስላሴ ሲባል ግን እንደ ተራዞ (የተወለወለ የወለል ንጣፍ) የሚያብለጨልጭ ማለት አይደለም፤ እርሱ ዝናብ ሲነካው ሌላ አደጋ ነው።

ሕጉን ከሕንፃው በር ላይ ማቆም

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዝዟል። ብዙዎች ግዴታው በዚህ የሚያበቃ ይመስላቸዋል። አገሪቱ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን ግን በአንቀጽ 9 መንገድንና ትራንስፖርትንም በስም ይጠራል። በጥሩ ሁኔታ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለውሃ ወይም ለኬብል ተቆፍሮ በአፈር የተደፈነ የእግረኛ መንገድ ይህን ግዴታ ይጥሳል። ስለዚህ የመቆፈሪያ ፈቃድ ሲሰጥ ንጣፉን እንደነበረ የመመለስ ግዴታ ከቀን ገደብ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይገባል።

ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ መጠየቅ

የአካል ጉዳተኛ ማኅበራት ለምረቃ ሲጠሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሚጠሩበት ትክክለኛው ጊዜ ግን ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ ነው። የሚጠራውም አንድ ሰው ብቻ መሆን የለበትም፤ በዊልቸር ለሚሄደው የሚመቸው ፍጹም የተስተካከለ ጠርዝ፣ የጎርባጣው ንጣፍ ማስጠንቀቂያ ከሌለው፣ የእግረኛ መንገዱ የት እንዳበቃ ለዓይነ ስውሩ አያሳውቀውምና ሁለቱ አንድ ላይ ተቀምጠው መነጋገር ያስፈልጋቸዋል። መስማት የተሳነው ሰውም የአውቶቡስ ለውጥ በድምፅ ብቻ ሲነገር ከተራው እንደሚቀር የሚያስረዳው እርሱ ራሱ ነው። ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ ጊዜያዊ ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት እነዚሁ ሰዎች ያለ ማንም ድጋፍ ከታክሲ ተራው ተነሥተው እስከ ጤና ጣቢያው መጸዳጃ ቤት ድረስ እንዲሄዱ መደረግ አለበት፤ የተደናቀፉበት ቦታ ሁሉ በጽሑፍ ተመዝግቦ እስኪስተካከል ድረስ የተቋራጩ መያዣ ገንዘብ ሊለቀቅ አይገባም።