«አየር ገብቷል» ከማለትህ በፊት፦ የኦርጋኒክ ራንኪን ማሽን ችግርና መፍትሄ

ይሄ ማሽን በሙቅ ውሃ በቀላሉ የሚፈላ ፈሳሽ አፍልቶ ከእንፋሎቱ ኃይል የሚያወጣ ነው። ፊልትሮ ማጽዳት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ ቀበቶ ማየት እዚህ አልጽፍም። ያንን ሳታይ ከደወልክልኝ እንጣላለን።

ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል? ፈሳሹ በደንብ ሳይቀዘቅዝ እየደረሰ ውስጡ ይፈላል ማለት ነው። ታንኩን ከፓምፑ ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ የመሳቢያውን ቱቦም በወፍራም ቀይረው።

ከአሮጌ ኤሲ የፈታኸው ስክሮል (እዚህ እንፋሎቱ ወደ ኋላ እያዞረው ኃይል የሚሰጠው መጭመቂያ) ወደ ኋላ አልዞር አለ? ውስጡ ያለውን ቼክ ቫልቭ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) አውጣ። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው። ሙቅ ውሃው 90 ዲግሪ ነው፣ ፓምፑ ሰላም ነው፣ ኃይሉ ግን ወርዷል፤ የኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ፈሳሽ የሚያደርገው) ግፊት ደግሞ ሽቅብ ወጥቷል። ይሄን ያየ ሁሉ መጀመሪያ ስክሮሉን ይፈታል። ኧረ አትፍታው! በ90 ዲግሪ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው 30 ሲሆን፣ ከሙቀቱ ወደ ኃይል እንድትቀይር ተፈጥሮ የምትፈቅድልህ ቢበዛ 16.5 በመቶ ነው። ኮንደንሰሩ 40 ከገባ ወደ 13.8 ይወርዳል። የኛ ማሽን የዚህን ግማሽ ካወጣ ጎበዝ ነው።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ቱቦው ጨው ጋግሯል፣ ወይ አየር ገብቷል። ለመለየት ማሽኑን አጥፍተህ አሳድረው። ጠዋት ሁሉም ነገር እኩል ሲቀዘቅዝ ሙቀቱንና ግፊቱን አንብብና ከጋዙ ሠንጠረዥ ጋር አስተያይ፤ ግፊቱ ከሠንጠረዡ ከበለጠ አየር አለ። ማሽኑ ውስጥ የምንሞላው ጋዝ አር-245ኤፍኤ በ15 ዲግሪ 1.01 ባር ነው።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሠንጠረዡ ምንም አየር ከሌለበት ባዶ (ቫኪዩም) ጀምሮ ይቆጥራል፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳይህ። ሰው ሁሉ ጌጁ ላይ 1 ይደምራል። እሱ ለባሕር ዳርቻ ነው ወንድሜ! ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ የውጭው አየር 0.78 ባር አካባቢ ነው።

አንድ ልጅ ጠዋት በ15 ዲግሪ ጌጁ 0.23 አሳየው። 1.01 ደመረ፣ 1.24 መጣለት፤ 0.78 ቢደምር ግን ልክ የሠንጠረዡ 1.01 ይመጣለት ነበር። «አየር ገብቷል» ብሎ ቫልቩን ከፈተ። አስተነፈሰ። ትንሽ ቆይቶ ጌጁ ተመልሶ 0.23 አለ። ደግሞ አስተነፈሰ። ሦስት ቀን ሙሉ! አየር ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ይቀንስ ነበር፤ ተመልሶ እዚያው የሚቆመው ፈሳሹ እየተነነ ስለሚተካው ነው። ያንን ውድ ጋዝ ለሰማይ ሰጠው፣ ያውም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በመቶዎች እጥፍ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ። እኔ ስደርስ ማሽኑ ግማሹ ባዶ ነው፣ የኮንደንሰሩ ቱቦ ደግሞ እንደ አሮጌ ጀበና ውስጡ ተጋግሯል። በሲትሪክ አሲድ አጥበን ጋዙን ሞላነው፣ ተነሳ። ልጁን ብዙ አልተቆጣሁትም፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ሠርቼዋለሁ።

በትክክል ደምረህም ግፊቱ ከሠንጠረዡ ከበለጠ አየሩ ያለው ኮንደንሰሩ አናት ላይ ነው፤ ከዚያ ቀስ እያልክ አውጣ። ምንጩ ብዙ ጊዜ በቫኪዩም ፓምፕ ሳይስብ ጋዝ የሞላ ሰነፍ ነው። በአር-245ኤፍኤ ፈንታ የሞላኸው ፔንቴን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እዚህ ከ28 ዲግሪ በታች ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ስላለው፣ ጓርኒሲዮኑ ካረጀ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይስባል። ፔንቴን ደግሞ ይነድዳል። ብየዳ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ «ትንሽ ነው» የለም።

በቬንትሌተር የሚቀዘቅዝ ከሆነ ካታሎጉን አትመን። የኛ አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ሻጩ ይሄን አይነግርህም።

ርካሽ ጌጅ ስትገዛ ቱቦውን ክፍት አድርገህ እየው፤ ዜሮ ካላለ ለሻጩ መልስ። ዜሮ ካለ ፊቱ ላይ በማርከር «+0.78» ብለህ ጻፍበት።